የተቀዳው ዝምታ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም የኔ ልጅ፣ ከበሩ ሥር ተነሺ፤ ብርዱ ይመታሻል። አንተ ደግሞ ስልኩን አስቀምጠው፤ ሮጦ አያመልጥህም። ዛሬ የማወራችሁ የፖሊስ መኪና እነዳ በነበረ ጊዜ ያየሁትን ነው። አለቃዬ አንዲት ኢንስፔክተር ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ንግግር የማታበዛ፣ ሰው መልስ ሲሰጣት ቀና ብላ ጣሪያ የምታይ። እኔ እንግዲህ ትምህርቴ መንጃ ፈቃድ ላይ የቆመ ሰው ነኝ። መሐል ላይ ከተምታታብኝ ታገሡኝ፤ ነገሩ ራሱ የተምታታ ነበር።

አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። በግቢው ጀርባ አሮጌ የዕቃ ግምጃ ቤት አለ። ከላይ ጠመኔ፣ ወረቀትና የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል፣ ከታች ባዶ አዳራሽ፣ መሐል ላይ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ደረጃ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ስለሚያንቃጭል ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ነበር የሚላቸው።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ወደ አዳራሹ ትገባለች። ጋሼ ቁልፍ ደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል።

«ዛሬም ሞቱ እንዴ ጋሼ?» አለቻቸው፣ እየሳቀች።

መልስ የለም። እሷም መጥረጓን ቀጠለች። ከወዲያ ጥግ ጀምራ እግራቸው ድረስ ደረሰች። «እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ እንጂ! እኔ እንደናንተ አልጫወት፣ ሥራ አለብኝ» አለች። ዝም። ጎንበስ ብላ ጭንቅላታቸውን ስታይ ደም አለ። ትናንትም ደም ነበር፤ የትናንቱ ግን ስኳር ስኳር ይሸት ነበር። የዛሬው አይሸትም። ያኔ ነው መጥረጊያው ከእጇ የወደቀው።

እኔና ኢንስፔክተሯ ስንደርስ ሽማግሌውን አምቡላንስ እየጫናቸው ነበር። ትንፋሽ አላቸው፤ ግን ቢጠሯቸው አይሰሙም። እኔ ደጁን ሳይ፣ ጣሪያውን ሳይ፣ ደረጃው አጠገብ ካለው ከፍ ያለ መስኮት ጠርዝ ላይ አንዲት ነጠላ ግራጫ ካልሲ ተቀምጣ አየሁ። ‘የማን ዝርክርክ ነው?’ ብዬ አለፍኩ። ይቺን ካልሲ ያዙልኝ።

ኢንስፔክተሯ የጽዳት ሠራተኛዋን አስቀመጠቻት። «‘ዛሬም ሞቱ’ ያልሻቸው ለምንድን ነው?»

«ሲኒማ ነዋ የኔ እመቤት! ሦስት ተማሪዎች ግድያ እንቀርጻለን ብለው እኚህን ምስኪን ሟች አደረጓቸው። ትናንት እዚሁ ሲሚንቶ ላይ ቀይ ነገር አፍስሰውባቸው ሞተው ዋሉ። የጠረግኩት እኔ! ጉንዳን ወሮት አልለቅ ብሎኝ።»

«ዛሬስ ምን ሰማሽ?»

«ከደጅ ሆኜ መስኮት ስወለውል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ወፈር ባለ ድምፅ ‘ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!’ አለ። ጋሼ ደግሞ ‘ተው ልጄ፣ እኔ ምን አደረግኩህ?’ አሉ። ከዚያ ድው!»

«ገብተሽ አላየሽም?»

«ኧረ እመቤቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ‘ተው ልጄ’ ነው! ስንቴ ልደንግጥ?» አለችና አፏን በሻርፗ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። «ዙሪያቸውን ጠረግኩ እኮ። ሰው እየሞተ ዙሪያውን ጠረግኩ።»

ተማሪዎቹ ማታውኑ ከያሉበት ተጠሩ። አንደኛዋ ካሜራ የምትይዘውና «ተነሡ፣ ተቀመጡ» የምትለው ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ «አለቃ» ይሏታል። ሁለተኛው ገዳዩን ሆኖ የሚጫወተው ነው፤ ቁመቱ ረዝሞ ረዝሞ «ሽቦ» አሰኝቶታል። ሦስተኛው ድምፅ የሚቀዳውና በኮምፒውተር ምስሉን ቆርጦ የሚቀጥለው ነው። እሱን «ጆሮ» ነው የሚሉት፤ ጆሮውም ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ማዳመጫ አይጠፋም።

ሽቦ ሲገባ ሁላችንም ደነገጥን። ነጭ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የትናንት ደም ነው። የሲኒማው። ባጥበው አልለቀቀም፤ ሌላ ነጭ ሸሚዝ ደግሞ የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ሸሚዙን አስወልቃ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ጣል አድርጋው ሄደች። እኔ ‘ማስረጃ እንዲህ ይጣላል?’ ብዬ ተቆጣሁ፤ በሆዴ ነው ታዲያ። ተመልሰን ስናየው የጉንዳን ሰልፍ ከወለሉ ተነሥቶ ነጠብጣቡ ላይ ሰፍሯል። «ስኳር ነው» አለች። «ልጁ በዚህ አልዋሸም።»

በሌላው ግን ዋሸ።

«ዛሬ ቀረጻው ካለቀ በኋላ የት ነበርክ?»

«ከጆሮ ጋር። ኮምፒውተር ክፍል።»

ጆሮን ለብቻው ጠየቀችው። ልጁ የጓደኛውን ዓይን ቢያይ ኖሮ ይዋሽለት ነበር፤ አላየውም። «እኔ? ብቻዬን ነበርኩ። ምስሉን ስቀጣጥል።»

ሽቦ ይህን ሲነግሩት፣ «የት እንደነበርኩ አልናገርም» አለ። «ጋሼን ግን አልነካሁም።» ከዚያ በኋላ ቢለምኑት፣ ቢያስፈራሩት፣ መሬት መሬቱን ማየት ብቻ ሆነ ሥራው።

እንግዲህ የቀረጻችሁትን አሳዩን ተባለ። ጆሮ የቀጣጠለውን ከፈተ። ደረጃው ባዶውን ይታያል። ሽማግሌውና ረጅሙ ልጅ ከላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። «ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!» ይላል ሽቦ። «ተው ልጄ፣ እኔ ምን አደረግኩህ?» ይላሉ ጋሼ ቁልፍ። እጅ ይመጣል፤ ይገፋል። ሽማግሌው ይወድቃሉ። ከዚያ ሲሚንቶ ላይ ደም፣ የተገለጠ ዓይን። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰማችው ቃል በቃል!

ኢንስፔክተሯ ግን «ቆይ» አለች። «ትናንት የሞቱ ሰው እንዴት ነው ዛሬ የሚገፉት?»

«ሞቱን ትናንት ቀረጽነው፤ መገፋቱን ዛሬ» አለች አለቃ።

«ጭቅጭቁስ?»

«እሱ ከመገፋቱ በኋላ ነው የተቀረጸው።»

«ከተገፉ በኋላ ነው የተጣሉት?»

«አዎ፤ ብርሃኑ እንደዚያ ስለተመቸን።»

«መጀመሪያ ላይ የሚታየው ባዶው ደረጃስ?»

«እሱማ የመጨረሻው ነው።»

እኔ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሞተው፣ ተገፍተው፣ ተጣልተው! ልጆች፣ እውነቴን ነው፣ ነገር ዓለሙ ዞረብኝ።

«ሲወድቁስ አልተጎዱም?» ስትል ጠየቀቻት።

«ከምንጣፉ ሥር ስስ ፍራሽ ነበር። ካሜራ እንዳያየው ምንጣፍ አልብሰነው ነው።»

በዚህ መሐል ከላይ ያሉት ኃላፊያችን ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል። «ወንጀሉ ራሱ ተቀርጾ ተሰጥቶሽ ምን ቀረሽ? ምስክር አለሽ፤ ልጁ የነበረበትን ዋሽቷል። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ። ሽማግሌው ከሞቱ ደግሞ ክሱ ግድያ ነው።»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይስጡኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት የሽቦ እናት ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘናት። ሆስፒታል ውስጥ የአልጋ ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። አንድ እጇ ወገቧን ደግፏል። «ልጄ ዝንብ አይገድልም አልልም፤ ዝንብስ ይገድላል። ሰው ግን አይገፋም» አለች። ሳቄ መጣና ፊቴን ዞር አደረግኩ።

«ቤትዎን እንየው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

አንድ ክፍል ቤት ነው። ጎንበስ ብለን ገባን። በአንድ ጥግ አልጋ፣ በሌላው ጥግ የልጁ መኝታ፤ እሱ ካርቶን ላይ የተነጠፈ ብርድ ልብስ ነው። ኢንስፔክተሯ የእናትዬውን አልጋ በመዳፏ ጫን አደረገችው። ቀጭን ስፖንጅ ነው።

«ለወገብዎ ነው የተገዛው?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው። እሱ ሁለት ክረምት ሙሉ ሰው ቤት ሣር እያጨደ ገዛልኝ። ያለሱ አልተኛም።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገች። «ትናንት ማታ ግን ስተኛ አስነጠሰኝ። ‘ፍራሹን ምን አደረግከው?’ ብለው ‘ፀሐይ አስመታሁልሽ’ አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ እናንተ መጥታችሁ ወሰዳችሁት።»

ኢንስፔክተሯ ፍራሹን ገለበጠችው። ሥሩ ነጭ ነው፤ የጠመኔ ብናኝ። ቀና ብላ የቆርቆሮውን ጣሪያ አየች። እኔ ደግሞ እሷን አየኋት። ‘እና ምን ይሁን?’ ነው የምለው። ሰው ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እኛ ፍራሽ እናገላብጣለን።

ጣቢያ ስንመለስ ሽቦን አስጠራችው። «የእናትህን ፍራሽ ከአልጋዋ ላይ አንሥተህ ነው ለሲኒማው የወሰድከው።»

ልጁ ፊቱ ክው አለ። «አልነገሯትም አይደል?»

«ለዚህ ነው የዋሸኸው?»

«የትምህርት ቤቱን ፍራሽ ከለከሉን። እሷ ከሥራ ሳትመለስ አደርሰዋለሁ ብዬ ነው። ጠቅልዬ በጓሮ በር አወጣሁት። ወገቧን እያወቅኩ አልጋዋን ባዶ አድርጌ… ይህን ከምትሰማ ብታሰር ይሻለኛል።»

«ሞኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ታላቅ እህት ነበር። «ስታነሳው ጋሼ ቁልፍ አይተውሃል?»

«አላዩኝም። የሆነ መምህር ጠመኔ ፈልጎ ጠርቷቸው ዋናው ሕንፃ ሄደው ነበር።»

እሷ ወዲያው ተነሥታ «ሹፌሬ፣ ግምጃ ቤት» አለችኝ።

ላይኛው ክፍል ገባን። የሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ጠመኔ የነካው መሀረብ አለ፤ በመሀረቡ ላይ ደግሞ መነጽራቸው በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ካሜራ የምትይዘዋን አለቃን ከነጆሮ ጠራችና አሳየቻት።

«ያለ መነጽር ያያሉ?»

«ደረጃውን እንኳን በዳበሳ ነው የሚወርዱት። ግን ሲቀረጹ ያወልቁታል። ሟቹ መነጽር አያደርግም ብያቸው ነበር።»

«ሌላ ጊዜስ ያወልቃሉ?»

«ኧረ በፍጹም! ሲያንቀላፉ እንኳን አያወልቁትም።» ልጅቷ ይህን ብላ ቀስ በቀስ ዓይኗ ፈጠጠ። «ትናንት ግን ከሄዱ በኋላ አልቀረጽናቸውም እኮ። ባዶ ደረጃውን ብቻ ነው የቀረጽነው።»

«ከመሄዳቸው በፊት ያልሻቸው ነገር አለ?»

አለቃ ከንፈሯን ነከሰች። «ሲወድቁ ይጠነቀቁ ነበር። ‘ጋሼ፣ ሰው ገፍቶዎት ሳይሆን አልጋዎ ጠርቶዎት ነው የወደቁት’ አልኳቸው። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ነገ እንደግመዋለን ብያቸው ሄዱ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ደረጃው ጫፍ ወጣችና ቁልቁል አየች። ምንጣፉ ከደረጃው ግርጌ ተዘርግቷል። «ሹፌሬ፣ ከዚህ ሆነህ ስታየው ከሥሩ ምን ያለ ይመስልሃል?»

«እኔ እንጃ። ምንጣፍ ነው የሚታየኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«እኔም» አለች። ወደ ጆሮ ዞረች። ልጁ ከኋላችን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ቀረጻ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የምታደርጉት ነገር ምንድን ነው? ትንሿንም ሳትንቅ ንገረኝ።»

«ካሜራውን እንሸክፋለን። ገመድ እንጠቀልላለን። ከዚያ እኔ ዝምታ እቀዳለሁ።»

«ምን ትቀዳለህ?»

«ዝምታ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዝምታ አለው። ሰው ሳይናገር የሚሰማው ማለት ነው፤ ነፋሱ፣ የጣሪያው ድምፅ። ስቆራርጥ ክፍተቱን የምሞላው በሱ ነው። ሰው ካለ ትንፋሹ ስለሚገባ መቅጃውን እተወውና ሁላችንም እንወጣለን።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም…» ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ መስኮቱ ጠርዝ ቀሰረ። ያቺ ካልሲዬ! ማለቴ የሱ ካልሲ። «መቅጃውን ነፋስ እንዳይገባበት አልብሼው… ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ረሳሁት። ከዚያ ፖሊስ መጣ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ዝምታ እኮ ነው ያለበት!» አለ፤ ሊያለቅስ ደርሶ።

ፖሊሱ ሁሉ በካልሲዋ ሥር ሲመላለስ ነበር፤ እኔን ጨምሮ። ባትሪዋ አልቆ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

ሽቦን ከጣቢያ አምጥቼ ሁላችንም ኮምፒውተር ክፍል ተሰበሰብን። ጆሮ መቅጃውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆርቆሮ ሲንቀጫቀጭ፣ ነፋስ ሲያፏጭ። የቤቱ ዝምታ። ረጅም ሆነ። ኢንስፔክተሯ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ታዳምጣለች። ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ተንቃጨለ።

«ልጆች?» አሉ ጋሼ ቁልፍ። «የት ገቡ እነዚህ?»

የእግር ኮቴ። ወንበር ሲሳብ። ከዚያ ሽማግሌው ብቻቸውን ሳቁ። «አልጋዎ ጠርቶዎት፣ አለችኝ! ቆይ፣ ነገ አሳያታለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፃቸውን ወፈር፣ ጎርነን አድርገው፣ ልክ እንደ ሽቦ፣ «ዛሬ ከእጄ አታመልጥም!» አሉ። ወዲያው በራሳቸው ድምፅ፣ «ተው ልጄ፣ እኔ ምን አደረግኩህ?»

ድው።

ከዚያ ነፋሱ ብቻ። ከብዙ በኋላ የመጥረጊያ ድምፅ።

ያኔ ገባኝ፣ ልጆቼ። ገዳይ አልነበረም። ሁለቱም ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ ነው የወጣው። ለነገ እየተለማመዱ ነበር፤ ልጆቹን ሊያስደንቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ቁልቁል ሲያዩ ምንጣፉ በቦታው አለ። ምንጣፍ ካለ ፍራሽ አለ፤ ሲያውቁት የነበረው ይሄንን ነው። ካሜራን ለማታለል የተዘረጋው ምንጣፍ እሳቸውን አታለላቸው።

ኢንስፔክተሯ ድምፁን አጠፋች። «ሽቦ፣ ነፃ ነህ። ወደ ቤትህ ሂድ።»

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። «ፍራሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አንሳ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች አለቃ። «ባዶው ደረጃ ላይ ጉብ ብሎ ምስሉን ያበላሽብኛል ብዬ። የሳቅኩባቸውም እኔ ነኝ።»

«ምንጣፉን መልሼ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ ጆሮ። «እንደነበረ ይሁን ብዬ፣ በጣም አስተካክዬ።»

ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ትናንት ስጠይቅ ማንም አልነበረም። ዛሬ ሁላችሁም ናችሁ» አለች። እንዲህ ስትል ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። «ይሄ በሕግ የሚያስከስሳችሁ ነገር አይደለም። አንዳችሁ ግን ሮጣችሁ ‘ጋሼ፣ ፍራሹን አንሥተነዋል’ ብትሏቸው ኖሮ እኔ እዚህ አልመጣም ነበር።»

ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉን ቤታቸው አደረጉት። የሽቦ እናት የምትሠራው እዚያው ነውና አንሶላ ስትቀይር ልጇን አልጋው ጫፍ አንቀላፍቶ ታገኘዋለች። ስለ ፍራሹ ራሱ ነገራት። ምን እንዳለችው ጠይቄው «መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ አቀፈችኝ» አለኝ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሲገልጡ እኔም ነበርኩ፤ ኢንስፔክተሯን አድርሼ ነው። ጋሼ ቁልፍ ዙሪያቸውን ዳበሱ። ሽቦ መነጽራቸውን አደረገላቸው። ልጁን ትኩር ብለው አዩት፤ ከዚያ በደከመ ድምፅ፣

«ካሜራው በርቶ ነበር?» አሉ።

«አልነበረም ጋሼ። ድምፁ ብቻ ነው የተቀዳው።»

«እና… እንዴት ነው አወዳደቄ?»

ልጁ እጃቸውን ይዞ ግንባሩን እላዩ ላይ ደፋ። «እውነት ይመስላል» አለ።

ሲኒማውን ኋላ አሳዩን። ሽማግሌው ዱላ ተደግፈው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እጅ ይመጣል፤ ይገፋል፤ ጋሼ ቁልፍ ይወድቃሉ። ሲወድቁ ግን ድምፅ የለም። ጆሮ ያንን ድው የሚለውን አልተጠቀመበትም። በቦታው ያቺን የቀዳትን ዝምታ አስገባ፤ የቁልፉ ዘለላ ከመሰማቱ በፊት ያለውን፣ ቆርቆሮውንና ነፋሱን፣ ማንም ገና ያልተጎዳበትን። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ያዘ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያዳመጥኩት።

ይኸው ነው። በሉ ተነሡ፣ እግራችሁም ደንዝዟል። ብቻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለሰው ይመቸው ብላችሁ ከሥሩ ያነጠፋችሁትን ነገር አንድ ቀን ማንሳት ግድ ከሆነባችሁ፣ ሮጣችሁ ንገሩት። ሲረሳችሁ ያቺን ካልሲ አስታውሱ፤ እኔንም አብራችሁ።